«ይሄን መብላት ትችላለህ እንዴ?» ከስኳር ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ስለሚሰነዘሩ ንግግሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኳር እንዳለብዎት ሰው ካወቀ ምክሩም አስተያየቱም ተከትሎ ይመጣል። አብዛኛው በክፋት የሚነገር አይደለም። ቢሆንም ሆድ ያስብሳል፣ ሲደጋገም ደግሞ ያንገሸግሻል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት የጋራ ስምምነት እንደሚለው፣ ከስኳር ሕመም ጋር ከሚኖሩ አምስት አዋቂዎች በአማካይ አራቱ በሕመማቸው ምክንያት የሚያሸማቅቅ ነገር ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የእርስዎ ሆደ ባሻነት አይደለም።

«ይሄን መብላት ትችላለህ እንዴ?» ለሚለኝ ሰው ምን ልበል?

ከሁሉም የሚደጋገመው ይሄ ነው። አጭሩ መልስ «አዎ፣ እችላለሁ» ነው። ይህን ብለው መብላትዎን ይቀጥሉ። ማብራሪያ የመስጠት ዕዳ የለብዎትም።

ማብራራት ካሻዎት ግን ነገሩ አይከብድም። ስኳር ያለበት ሰው የተከለከለ ምግብ ዝርዝር በኪሱ ይዞ አይዞርም። የሚያስበው ስለ መጠኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ አብሮ ስለሚበላው ነገርና ስለ መድኃኒቱ ነው። ምግብ ሲበላ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን መርፌ) የሚወጋ ሰው፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን ካርቦሃይድሬት ገምቶ መጠኑን ያስተካክላል። የሚገርመው፣ ጠያቂው ዓይኑን የሚያፈጠው ኬክ ላይ ነው። ያው ጠያቂ ድንችና ዳቦ ሲበሉ እያየ ዝም ይላል። እነሱ ውስጥ ያለው ስታርችም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር ነው የሚሆነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ስኳር ሲወርድ ጣፋጭ ነገር መድኃኒት ነው። ሰውየው ላብ እያጠመቀው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጁስ ሲያነሳ «ኧረ ተው፣ ስኳር አለብህ እኮ!» ብሎ ብርጭቆ የሚቀማ ዘመድ አይጠፋም። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። «ስኳሬ ወርዷል፣ መጠጣት አለብኝ» ይበሉና ይጠጡ። ጭቅጭቁ በኋላ ይደርሳል።

አንዴ የጠየቀን ሰውና በየቀኑ የሚጠይቅን ሰው ለይተው ይያዙ። ለመጀመሪያው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይበቃል። አብሮዎት ለሚኖረው ግን ምግብ በሌለበት ሰዓት፣ ለብቻ ቁጭ ብሎ መናገር ይሻላል። «አስበሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስበላ ስትጠይቂኝ ምግቡ አይወርድልኝም። ልትረጂኝ ከፈለግሽ ከእራት በኋላ አብረሽኝ ወክ አድርጊ።» ሥራ ያገኘ ሰው ቁጥጥሩን ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ መራመድ ደግሞ በእርግጥም ስኳር ያወርዳል።

ስለዚህ ጥያቄ ብዙ የማወራው በምክንያት ነው። ሰው ፊት መብላት ያሳፈረው ሰው ተደብቆ ይበላል። ተደብቆ የበላውን አይመዘግብም፣ ለሐኪሙም አይናገርም። ሰው ፊት መወጋት ያሳፈረው የምሳ ሰዓት ኢንሱሊኑን ይዘላል። ክፉ ንግግር ቅስም ይሰብራል፣ ያ ባልከፋ። ሰውን ከሕክምናው ሲያርቀው ነው አደገኛ የሚሆነው። ስለዚህ ምን እንደሚመልሱ ግራ ሲገባዎት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው መልስ ነው መድኃኒቴን በሰዓቱ፣ ሳልደበቅ እንድወስድ የሚያደርገኝ? አንዳንዴ ረጅም ማብራሪያ ይሆናል። አንዳንዴ ዝምታ ነው። አንዳንዴም «አያገባህም» ነው።

«ጣፋጭ ስለምታበዢ ነው የያዘሽ» ይሉኛል። እውነት አላቸው?

ዓይነት 1 ከሆነ ምንም እውነት የለውም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። ጣፋጭ በመተው የሚቀር ነገር አይደለም።

ዓይነት 2 ላይ፣ ማለትም ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ መጠቀም ሲያቅተው በሚመጣው ላይ፣ ነገሩ ድብልቅ ነው። የሰውነት ክብደት፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ አለማድረግ ድርሻ አላቸው። በዘር የሚወረሰውም፣ ዕድሜም፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶ እንደሆነም ያም ድርሻ አለው። ከአንድ ማዕድ ከሚበሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ተይዞ ሌላው ሊቀር ይችላል። ታዲያ ከሁሉ ነጥሎ አንዱን ምክንያት መዞ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

አንድ የማልወደው መልስ አለ። ዓይነት 1 ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች «የእኔ ያኛው አይደለም፣ እኔ በራሴ ላይ አላመጣሁትም» ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ መልስ ወቀሳውን አያጠፋውም፣ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ትከሻ ላይ ያሸጋግረዋል። «አይ፣ እንደሱ አይደለም የሚመጣው። ከፈለግህ ቁጭ ብለን አስረዳሃለሁ» ማለት ይበቃል። ማወቅ የፈለገ ይጠይቃል፣ ያልፈለገ ወሬ ይቀይራል።

«ቀጭን ነህ እኮ! ስኳር ያለብህ አትመስልም» ሲሉኝስ?

ስኳር መልክ የለውም። ቀጫጭን ሰዎች ዓይነት 1ም ዓይነት 2ም ይይዛቸዋል። «አዎ፣ አለብኝ» ብሎ ማለፍ ነው። ማስረጃ አቅርቡ አልተባሉም።

«የጎረቤታችን እግር በስኳር ተቆረጠ» እያሉ የሚያስፈራሩኝን እንዴት ላስቁም?

ወሬው ሳይረዝም ያቋርጡት። ተናጋሪው ታሪኩን አንዴ ከጀመረ ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር እያለ አንዱን ከአንዱ እየቀጠለ ነው የሚሄደው። «ያሳዝናል። እኔን ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ ስለሚረብሸኝ ሌላ እንጫወት» ይበሉ። ይህን ማለት ብልግና አይደለም።

የተወራው ነገር ራሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ስኳር ለዓመታት ከፍ እንዳለ ከቆየ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት ያመጣል። ወሬው የሚዘለው ግን ሌላውን ግማሽ ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ዓይነት 1 ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ፣ የዓይን ጉዳት ገና ካልጀመራቸው ተሳታፊዎች መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ ጉዳቱ የመከሰት ዕድሉ በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ለዓይነት 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው የብሪታንያ ጥናት፣ ጥሩ ቁጥጥር በተለይ በዓይንና በኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ አሳየ። እግሩ የተቆረጠውን ሰው ሁሉም ያወራለታል። በየዓመቱ ዓይኑን እየታየ፣ ማታ ማታ እግሩን እየፈተሸ በሰላም ያረጀውን ግን ማን ያወራለታል?

ኢንሱሊን መጀመሬን የሰሙ ሰዎች «እንግዲህ አለቀ» ዓይነት ፊት ያሳዩኛል።

ከንፈር የሚመጥጡትን ማለትዎ ነው። እነሱ የሚያስቡት ኢንሱሊን የመጨረሻው ደረጃ ነው ብለው ነው። ዓይነት 2 ላይ ቆሽት ኢንሱሊን የማምረት አቅሙ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ክኒን ብቻውን አይበቃም፣ መርፌ ይጨመራል። «ስላልተጠነቀቅህ ነው» የሚያሰኝ ነገር የለውም። ዓይነት 1 ላይ ደግሞ ኢንሱሊን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የግድ ነው።

ኢንሱሊን መጨረሻ ነው ለሚል ሰው የብሪታንያዊው ሐኪም የሮበርት ሎረንስ ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። ኢንሱሊን ቶሮንቶ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በማግስቱ ዓመት ጥር ወር ላይ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው ዋና ዘዴ በሽተኛውን ማስራብ ነበር። ሎረንስም ሞቱን እየጠበቀ ጣሊያን ውስጥ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ የሥራ ባልደረባው ኢንሱሊን መጥቷልና ና ብሎ ጠራው። ተመልሶ መርፌውን ጀመረ። የስኳር ሐኪም ሆኖ ሌሎችን አከመ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ከደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ጋር የብሪታንያ የስኳር ሕሙማን ማኅበርን አቋቋመ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። «አለቀ» ከተባለ በኋላ 45 ዓመት ኖረ ማለት ነው።

ቅጠል፣ ዱቄት፣ ማር፣ የማይመክሩኝ ነገር የለም። ምን ላድርግ?

ለአብዛኞቹ «እሺ፣ ሐኪሜን እጠይቃለሁ» ይበሉ። ይቺ መልስ በር ትዘጋለች፣ ማንንም አታስቀይምም። ከተቻለም በእርግጥ ይጠይቁ። አንዳንድ ዕፅዋት ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ተደማምረው ስኳር ከሚገባው በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ማርን በተመለከተ፣ ተፈጥሯዊ መሆኑ አያድነውም። ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው።

ምክሩ «መድኃኒቱን ተወውና ይሄን ሞክር» ከሆነ ግን ቁርጥ ያለ «አይሆንም» ያስፈልጋል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ ደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፣ በቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም። በዚህ ምክር ሰው ይሞታል።

«እገሌ እኮ ድኗል» የሚሉም አሉ። ይሄ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ዓይነት 2 ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ክብደት ቀንሰው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመሙ መጠን በታች ሆነ። ነገር ግን ክብደቱ ከተመለሰ ስኳሩም ሊመለስ ይችላል፣ ክትትሉም አይቆምም። ከዓይነት 1 ጋር ደግሞ አይገናኝም።

ተናጋሪዋ ትልቅ ሰው ከሆኑስ? ሳልዳፈር እንዴት ልመልስ?

ለእኩያ የሚባለው ለእሳቸው አይባልም። መጀመሪያ ጭንቀታቸውን ይቀበሉ፣ ከዚያ ሐኪሙን ከፊት ያስቀድሙ። «እማማ፣ አስበውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ ያዘዘኝን ይዤ እየሄድኩ ነው። እርስዎ ብቻ ይጸልዩልኝ።» የሚጸልይ ሰው ሳህን መቆጣጠር ይተዋል፣ ቢያንስ ለዚያን ቀን።

እሳቸውም ካላቆሙ፣ ቃላቸውን የሚሰሙለትን ሰው ይላኩ። ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ የዕድሜ እኩያቸው የሆነች ጎረቤት። እርስዎ አሥር ጊዜ ብለውት ያልተሰማው እኩያቸው አንዴ ሲናገር ይሰማል። ወይም በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለው ከሰሙ በኋላ እሳቸው ራሳቸው የእርስዎ ጠበቃ ሆነው ሊያርፉት ይችላሉ።

በተናደድኩ ቁጥር ባለቤቴ «ስኳርህ ወርዶ ነው?» ትለኛለች።

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰው በእውነት ይነጫነጫል፣ ግራ ይገባዋል፣ እንደ ሰከረም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው አንዳንዴ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው በትክክለኛ ነገር ተናደው እያለ ንዴትዎን ለማጣጣል ሲውል ነው። «ያልታጠበ ዕቃ አለ» ብለው ቢናገሩ እንኳ ስኳር ይሆናል ምክንያቱ።

ሁለታችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት ተስማሙ። እሷ ከጠረጠረች «ለካ» ትበል፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። እርስዎም ሳይከራከሩ ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ መጀመሪያ ጣፋጭ ይውሰዱ። ካልሆነ ግን ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እሷም «ስኳር ነው» የማለት መብቷን ለዚያ ቀን ጨርሳለች።

ሥራ ቦታ ላይ በስኳሬ ይቀልዱብኛል።

ቀልዱ የሚያስቅዎት ከሆነ ይሳቁ። ብዙዎቻችን በራሳችን እንቀልዳለን። ካላስቀዎት ግን ለይስሙላ አይሳቁ፣ ሳቅ ፈቃድ ይመስላል። ፊት ሳያጠቁሩ «አልገባኝም፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብሎ መጠየቅ ይሠራል። ቀልድን አብራራ ማለት ቀልዱን ይገድለዋል። ነገሩ ከቀልድ አልፎ ምደባ፣ ዕድገት ወይም የዕረፍት ሰዓት መከልከል ላይ ከደረሰ ቀኑንና የተባለውን ይጻፉ፣ ለአለቃ በጽሑፍ ያቅርቡ።

«እዚህ ነው እንዴ የምትወጋው?» የሚልም አይጠፋም። መርፌ የሚፈራ ሰው ዞር እንዲል መንገር ይቻላል። መጸዳጃ ቤት ሄደው እንዲወጉ ግን ማንም ሊያስገድድዎት አይገባም። ንጹሕ ቦታ አይደለም፣ የሚያፍሩበት ሥራም እየሠሩ አይደለም።

የሚናገረኝ ሐኪሜ ራሱ ቢሆንስ?

ከሁሉም ይህ ይከፋል ብዬ አምናለሁ። ከዘመድ ንግግር ወደ ሐኪም ይሸሻል፣ ከሐኪምስ ወዴት ይሸሻል? «አንተ ትእዛዝ አታከብርም»፣ «ውጤትህ መጥፎ ነው» የሚል ንግግር የሰማ ሰው ቀጠሮ መዝለል ይጀምራል። ባለሙያዎቹም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የስኳር ማኅበርና የስኳር ሕክምና አስተማሪዎች ማኅበር ስለ አነጋገር የጋራ ጽሑፍ አውጥተዋል። በሽተኛን የሚወቅሱና የሚፈርጁ ቃላት ይቅሩ፣ «ያልታዘዘ» አይባል፣ ሰውየው በሕመሙ አይጠራ ይላል።

«ዶክተር፣ ሲቆጡኝ የምደብቅዎት ነገር ይበዛል። ቁጥሩን አብረን እንየውና የቱን ልለውጥ እንደምችል ይንገሩኝ» ብለው ይሞክሩ። ደህና ሐኪም ይህን ሲሰማ ቆም ይላል። ካልሆነና አማራጭ ካለዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

ልጄ ስኳር አለባት። «ጣፋጭ አብዝተሽላት ነው» ይሉኛል።

ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 1 ነው፣ እሱን ወላጅ አያመጣውም። ልጅቷ እየሰማች ከተባለ እዚያው፣ እሷ እየሰማች ይመልሱ፦ «አይደለም። በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም።» ይህን መስማት ያለባት እሷ ናት። እናት ዝም ስትል ልጅ ጥፋተኛ የሆነች ይመስላታል።

ትምህርት ቤት ውስጥ «ይተላለፋል» እየተባለች ከሆነ ለአስተማሪዋ ይንገሩ። አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም፣ በመነካካትም፣ በምንም። ልጆች መለኪያውን አይተው አንዴ ከጠየቁና ከተመለሰላቸው ይረሱታል። ትልልቆቹ ናቸው የሚያስቸግሩት።

ንግግሩ ከውስጤ አልወጣ ቢለኝስ?

ከስኳር ጋር መኖር በራሱ ያደክማል። መለካት፣ መቁጠር፣ ማሰብ፣ ያለ እረፍት። ይህን ድካም ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከተራ ድብርት ለይተው ያጠኑታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊልያም ፖሎንስኪ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ይህንኑ የሚለኩበት 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጡ። ብዙ አገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሰው ንግግር ደግሞ በዚህ ድካም ላይ የሚጨመር ሸክም ነው። ጭንቀት ራሱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ «ሰው ሲናገረኝ ስኳሬ ይጨምራል» የሚሉ ሰዎች እያጋነኑ ላይሆን ይችላል።

መለካት ከተዉ፣ መርፌ መዝለል ከጀመሩ፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም ምንም ነገር ደስ አልል ካለዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከስኳር ጋር የሚኖር ሌላ ሰው ማግኘትም ይረዳል። ግማሹን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ቀሪውን የሚጨርስልዎት እሱ ነው።

እኔ ስኳር የለብኝም። ወዳጄን ሳላስቀይም ምን ልበል?

«እንዴት ነህ?» ይበሉት፣ እንደማንኛውም ሰው። ስለ ስኳሩ ካወራ ይስሙት። «ምን ልርዳህ?» ብለው ይጠይቁና ያለዎትን ያድርጉ፣ ያላለዎትን ይተዉት። የመለኪያውን ቁጥር አሻግረው አይዩ፣ ካዩም ፊትዎን አይለዋውጡ።

እንዲህ ከሆነ ስኳር እንዳለብኝ ለማንም ባልናገርስ?

ለሁሉም መናገር የለብዎትም። ለሩቅ ዘመድ፣ ለታክሲ ተሳፋሪ፣ ለማያምኑት ባልደረባ ምን አስጨነቀዎት? በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር ሊያወርድ የሚችል ክኒን ከወሰዱ ግን፣ በሚውሉበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ወሬ የማያበዛውን ይምረጡ።

ለእሱም የሚነግሩት አጭር ነው። «ላብ ካጠመቀኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ ወይም ንግግሬ ከተምታታ ስኳሬ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻልኩ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጠኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ልለካ፣ ካልተሻለኝ ድገመኝ። ራሴን ከሳትኩ አፌ ውስጥ ምንም አታድርግ፣ ኢንሱሊንም አትውጋኝ። በጎን አስተኛኝና ወዲያው አምቡላንስ ጥራ።» ጣፋጩን የሚያስቀምጡበትን መሳቢያም ያሳዩት።